ሰባት እንቁላል በጨው ቤት

አክስቴ ዶሲ ሠላሳ ሁለት ዓመት ሙሉ ሽማግሌ ተሸክማለች። ሽማግሌ የምንለው ዘንዶን ነው። ዘንዶ ስላችሁ ፍየል የሚውጠው እንዳይመጣባችሁ፤ የእኛው ቢዘረጋ ከሁለት ክንድ ተኩል አያልፍም፣ ሲደነግጥም ራሱን መሐል ከትቶ እንደ ክር ድውር ይጠቀለላል። ከሰው ጓዳ ከገባ እንግዳ ነው። እንግዳ ደግሞ በዱላ አይባረርም፤ አክስቴ ዶሲ ትጠራለች።

አመጣጧን አይቼ አልጠግብም ነበር። እጇን በሐይቁ ውኃ ትታጠባለች፣ ጫማዋን ከደጅ ታወልቃለች፣ ትንበረከካለች፣ ግንባሯን መሬት ታስነካለች። «እንደምን ዋሉ አባቴ፤ ቤቱ ጠቦዎታል፣ እንሂድ» ትላለች። ከዚያ ዓይኗን ጨፍና ታነሣቸዋለች። ዓይን የሚጨፈነው በእኛ ዘንድ ሽማግሌ ሲነሣ የተቀመጠበት ስለማይታይ ነው፤ ማየት «ምን ጥለው ሄዱ» ብሎ መበርበር ይሆናል። አንገቷ ላይ አድርጋ፣ ለማንም ሰላምታ ሳትሰጥ፣ ቀስ እያለች መንደሩን አቋርጣ ዘንዶዎቹ ከሚኖሩበት ከሽማግሌዎች ቤት ታደርሳቸዋለች። በዚህ ሁሉ ዓመት አንዳቸውም ተጭረው አያውቁም። አክስቴ በሌላ ነገር ስትኮራ አይቻት አላውቅም፤ በዚህ ግን ትኮራለች።

ሌላው ኑሮዋ ጨው ነው። ከመንታ በኋላ የተወለደ ልጅ ግትር ነው ይባላል፣ ዶሲ ማለትም ያ ነው፤ የእሷ ግትርነት ግን ድምፅ የለውም። ባሏ በሞተ በሦስተኛው ቀን ሐይቁ ዳር ወርዳ ጨዋማውን አፈር ስትጠርግ ተገኘች። ደረቁ ነፋስ ሲነፍስ አፈሩን ትጠርጋለች፣ በቅርጫት ውኃ ታንጠባጥብበታለች፣ የዘንባባ ፍሬ ጥላ ከተንሳፈፈ ውኃው ደርሷል ብላ ጨው ቤቱ ውስጥ ትቀቅለዋለች። ጨው ቤቱ የሰባት ሴቶች ነው፤ በዘንባባ ቅጠል የተከደነ ረጅም ጎጆ፣ እሳቱ ከታኅሣሥ እስከ ዝናብ አይጠፋም።

እኔ አጎሱ የወንድሟ ልጅ ነኝ። ዘጠኝ ዓመት ከድንበሩ ማዶ ቶጎ ሠርቼ የተመለስኩት ባለፈው ዓመት ነው። ምን ስትሠራ ከረምክ ስትለኝ «እርባታ ድርጅት ውስጥ እንቁላል ስጠብቅ» አልኳት። «የዶሮ?» አለች። «አዎ፣ የዶሮ» አልኳት። ውሸቴን ነው። የዘንዶ ነበር። ከእርሻ ጉድጓድ እየተቆፈሩ የሚመጡ እንቁላሎች፣ ተፈልፍለው ሲያበቁ በጨርቅ ከረጢት በአውሮፕላን የሚሄዱ ጫጩቶች። በመስታወት ሣጥን የሚያስቀምጧቸው ሰዎች አሉ አሉ። ይህን ለአክስቴ እንዴት ብዬ ልንገራት? አባትሽን በከረጢት ከተትኩት ማለት እኮ ነው።

እንግዲህ የጨው ሥራ በደራበት ወር፣ አንድ ጠዋት ጎረቤታችን ያቦ ጠራቻት። ያቦ ከሰባቱ ጨው ቀቃዮች አንዷ ናት፤ ከምትቀቅለው የምታወራው ይበልጣል። ከዕቃ ቤቷ ጥግ፣ የዘንባባ ገለባ ከተከመረበት ጉድጓድ ውስጥ አንድ ሽማግሌ ተጠቅልለው ተገኝተዋል። አክስቴ ሄደች፣ ተንበረከከች፣ ሰላም አለች፣ ዓይኗን ጨፈነች።

«ዛሬ እንቢ አሉኝ» አለችኝ ስትመለስ። «እንደ ቋጠሮ ጠብቀው ነበር። ጣት በጣት ነው ያላቀቅኳቸው። ቤቱን ወደውት ነበር መሰለኝ።»

በማግሥቱ እኩለ ቀን ላይ ከያቦ ቤት በኩል ሳልፍ፣ ያቦ በአካፋ ጫፍ አንድ ነገር ልትዝቅ ጎንበስ ብላለች።

«አርጃኖ ወልዶብኛል አጎሱ! ዳክዬዎቼን የሚጨርሰው ሌባ፣ ጭራሽ ዕቃ ቤቴ ውስጥ ዘሩን ዘራ!»

አየሁ። ሰባት ነጭ እንቁላል፣ አንዱ ካንዱ ተጣብቆ እንደ አንድ ክምር። አርጃኖ ግን እንሽላሊት ነው፣ እንቁላሉ አይጣበቅም።

«አትንኪው! የሽማግሌ ነው!» ብዬ ጮህኩ።

አካፋው ከእጇ ወደቀ። አክስቴ በጩኸቱ መጣች። በእኛ አገር ሽማግሌ እንደሚወልድ የማያውቅ የለም፤ የት ወለዱ፣ እንዴት ወለዱ ብሎ መጠየቅ ግን ነውር ነው፣ ስለዚህ እንቁላላቸውን ያየ ሰው አልነበረም። አይቶም ከሆነ አላወቀውም። አክስቴ እንቁላሎቹን አየች፣ ጉድጓዱን አየች፣ ከዚያ እኔን።

«አንተ በምን አወቅህ?»

«አክስቴ...»

«የምን ዶሮ ነው ዘጠኝ ዓመት ስትጠብቅ የከረምከው?»

መሬቱን አየሁ። ያቦ ሳቅ ሊያመልጣት ሲል አፏን በሽርጧ ያዘች። አክስቴ ግን አልጮኸችም፣ አልሰደበችኝም። ቁጢጥ ብላ የእጇን ጀርባ ከእንቁላሎቹ ላይ አሳረፈች፤ የቀኑ ሙቀት ስላለ ገና ለብ ያሉ ነበሩ። ትላንት በአንገቷ ተሸክማ የሄደችው እናት መሆኗን ያኔ ተረዳችው። ፊቷ ሲለወጥ አይቻለሁ፣ ደግሜ እንዳላየው እመኛለሁ።

«አይተርፉም?» አለች።

«ይተርፋሉ። ከሞቁ፣ ካልደረቁ።»

«እናታቸውን እናምጣ።»

ወደ ሽማግሌዎች ቤት ሄድን። የቤቱ ጠባቂ ሳግቦ ደጃፍ ላይ ምንጣፍ ዘርግተው ጥርሳቸውን በመፋቂያ ይፍቃሉ። ነገርናቸው። እሳቸውም መፋቂያውን ሳያወጡ አሰቡ።

«ትላንት ማታ የመውጫቸው ቀን ነበር» አሉ። «በሩን ከፍቼላቸው ሊበሉ ሄደዋል። የቀሩት ጥቂት ናቸው።»

«ከቀሩት መሐል ትኖር ይሆናል፤ የወለደች ከሆነች ቆዳዋ የላላ ነው፣ ጎኗ ሰርጉዷል፣ ላያትና...» አልኩ።

«አንተ ልጅ፣ አያትህን እንደ ገበያ በግ ጎን ጎኗን ልትዳስስ ነው?»

አፍሬ ከደጅ ቀረሁ። አክስቴ ግን ገብታ አየች። ሰላም እያለች፣ ይቅርታ እየጠየቀች፣ አንድ በአንድ። የላላ ቆዳ ያለው አልነበረም። እናትየው ሄዳለች፤ ሐይቁና ጫካው ሰፊ ነው።

«እንቁላሎቹን አምጥተሽ እዚሁ ምንጣፍ ላይ አስቀምጫቸው። ከወደዱ ይኖራሉ» አሉ ሳግቦ።

«ምንጣፍ አይሞቅም አባባ» አለች አክስቴ። በሕይወቴ ለሳግቦ መልስ ስትመልስ የሰማሁት ያን ቀን ነው።

ያቦ ዕቃ ቤት ተመልሰን ጭቅጭቁ ተጀመረ። ያቦ ዳክዬዬን ልስጣችሁ አለች። «ያገኘችው ላይ ትተኛለች። አምና የሙቀጫ ዘነዘና ላይ ስምንት ቀን ተኝታለች፣ አልተፈለፈለም እንጂ።»

«ዳክዬ እንቁላል ታገላብጣለች። የዘንዶ እንቁላል ከተገላበጠ ውስጡ ያለው ይሞታል» አልኩ።

«ታዲያ አንተ ጌታው፣ የእርባታው ባለሙያ፣ ምን ትላለህ?»

የማውቀውን አልኩ። ዓሣ በበረዶ የሚመጣበት የፎም ሣጥን፣ ውስጡ ውኃ በጠርሙስ፣ ጠርሙሱ ጠዋትና ማታ በፍል ውኃ የሚለወጥ፣ ክዳኑ የተዘጋ። ቴርሞሜትር አለኝ፤ ከእርባታው ስወጣ ኪሴ ውስጥ ረስቼው የመጣሁ። ረስቼው ስል እመኑኝ።

አክስቴ ሣጥኑን ባመጣሁላት ጊዜ አሸተተችው።

«ዓሣ ዓሣ ይላል።»

«ይታጠባል።»

«ታጥቦም ሣጥን ነው። በውስጡ ያለው ውጪውን አይሰማም። አንተ እናትህ ሆድ ውስጥ ሳለህ እኮ እኛ ስንጣላ ትሰማ ነበር፤ አጎሱ ስንልህ ትራገጥ ነበር።»

«በእግሬ ስለተወለድኩ ነው አጎሱ ያላችሁኝ፤ ሳልወለድ በምን አወቃችሁት?»

«አወቅን» አለች፣ ነገሩም በዚሁ አበቃ።

ያን ከሰዓት ከእንቁላሎቹ አጠገብ ገለባው ላይ በጎኗ ተጋደመች፣ ጆሮዋን አስጠግታ። ደረቁ ነፋስ ቅጠሉን ያንሿሿል፣ በግድግዳው ስንጥቅ የገባው ብርሃን ከእጇ ወደ እንቁላሎቹ፣ ከእንቁላሎቹ ወደ ጉድጓዱ ይሄዳል። እኔ ሣጥኔን አቅፌ ደጃፍ ላይ ተቀመጥኩ፣ እንቅልፍ እንቅልፍ አለኝ።

«አንቺ ያቦ» አለች አክስቴ ዓይኗን ሳትገልጥ፤ «ጨው ቤት ውስጥ ሁሌ እንቅልፍ የሚጥልሽ የት ጋ ነው?»

«ምዕራብ ግድግዳው ሥር ነዋ! እኔን ብቻ ነው እንዴ የሚጥለኝ? አንቺስ ታንኮራፊ የለ?»

«እሳቱ አጠገብ ስትቀመጪስ?»

«እዚያማ ያቃጥላል፣ ማን ይተኛል።»

«ደጃፉ ጋስ?»

«ይበርዳል።»

«ስለዚህ ምዕራብ ግድግዳው ሥር ነው» አለችና ተነሣች። «ሰውነት ሳያስበው የሚተኛበት ቦታ፣ እንቁላልም ይተኛበታል።»

በሆዴ ሳቅሁ። የዘጠኝ ዓመት ባለሙያ እያለ፣ ሙቀት በእንቅልፍ ይለካ? ሆኖም ቴርሞሜትሬን ይዤ ሄድኩ፣ ምዕራብ ግድግዳው ላይ ሰቀልኩት፣ ከጠዋት እስከ ጠዋት አየሁት። ሠላሳ አንድ ከግማሽ። እሳቱ ሲበረታ ሠላሳ ሁለት። በእርባታው ሦስት መሣሪያ ተገዝቶ፣ አንድ መሐንዲስ ከከተማ እየተመላለሰ ያገኘው ቁጥር ይህ ነው። ተናድጄ ቴርሞሜትሩን አውርጄ ኪሴ ከተትኩት፤ በኋላ ግን መልሼ ሰቀልኩት።

አፈ ሰፊውን የያቦን አሮጌ ማሰሮ አመጣን። ሸክላ ይተነፍሳል። የኮኮናት ልጥ አርሰን፣ ጠብታ እስከማይወጣው ጨምቀን፣ ግማሽ ድረስ ሞላነው። ክምሩን እንዳለ፣ ላዩን ላይ እንዳደረገ፣ በአራት እጅ አነሣነው። አናታቸው ላይ በከሰል ምልክት አደረግሁ፣ ያ ምልክት ሁሌ ወደ ላይ ይሁን ብዬ። ማሰሮውን ምዕራብ ግድግዳው ሥር አስቀምጠን፣ የጨዉ እንፋሎት እንዳይገባ እርጥብ ጨርቅ ሸፈንንበት። ያኔ ነው ምላሴን የለቀቅኩት። የተደነቀ ሰው ብዙ ያወራል።

«ለነገሩ በእርባታው እንቁላል ላይ ያለችውን ለመለየት በጭራሽ አንሳሳትም ነበር» አልኩ። «ሌላዋ ስትነካት ትሸሻለች። እንቁላል ያላት ግን አትሸሽም፣ እንደ ቋጠሮ ትጠብቃለች፣ በተለይ በደረቁ ወር። ጣት በጣት ካላላቀቅሃት አትለቅም።»

አክስቴ ጨርቁን ይዛ ቆመች።

«ሁሌ እንዲህ ናት?»

«ሁሌ።»

«ከድሮም?»

ያኔ ገባኝ፣ ግን የወጣ ቃል አይመለስም። ጨርቁን ቀስ ብላ አስተካከለች፣ እጇን በሽርጧ ጠረገች፣ አየችው።

«ከእነዚህ አንድ እንኳ ካልወጣ ይህ እጅ ከእንግዲህ ጨው ብቻ ነው የሚነካው» አለች።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ሰው ሲጠራት «እጄን አሞኛል» ማለት ጀመረች። ሳግቦ ራሳቸው እየሄዱ ተሸከሙ፤ ወገባቸው አልቻለም፣ እየተራገሙ ነው የሚመለሱት። እሷ ጠዋት እሳቷን ትቀሰቅሳለች፣ ከሰዓት ትወጣለች። የት ትሄጃለሽ ስላት «ሰው ልጠይቅ» ትላለች። ሠላሳ ሁለት ዓመት የት የት ቤት እንደገባች አንዱን አልረሳችም። በደረቁ ወር ጠብቀው እንቢ ያሏትን ብቻ እየመረጠች፣ ከየቤቱ ደጃፍ ቆማ አንድ ጥያቄ ትጠይቃለች፦ እኔ ከወሰድኳቸው በኋላ ከዚያ ጥግ ያገኛችሁት ነገር ነበር ወይ?

አንዱ ቤት የአርጃኖ እንቁላል አግኝተን ሐይቅ ጣልነው አሉ። ሌላው ለአሳማ ሰጠነው። እማማ ሁንዮ የምትባል፣ ከአክስቴ በዕድሜ የምትበልጥ ባልቴት፣ «ስምንት ነበሩ፤ ቆጥሬ ነው ያቃጠልኳቸው፣ ያ ዶሮ ሌባ!» ብላ እየሳቀች ነገረቻት። አክስቴ ለማንም ምንም አላለችም። ጠየቀች፣ አመሰገነች፣ ተመለሰች። ማታ የበቆሎ አካሳና የተጨሰ ዓሣ አቅርቤላት አልነካችውም።

«አሥራ አንድ ቤት» አለችኝ።

«አላወቅሽም አክስቴ። አክብረሽ ነው።»

«አክብሬ ነው የገደልኳቸው።»

እኔ በእርባታው ስንት ጉድጓድ እንደተቆፈረ እያወቅሁ ደመወዝ ስበላ ኖሬ፣ እሷ ሳታውቅ ባደረገችው እንቅልፍ አጣች። ይህን ነገርኳት። አየችኝና «የአንተን አንተ ታውቃለህ» አለች። ከስድብ ይልቅ ያ አመመኝ።

አርባ ስድስተኛው ቀን ላይ ዝናብ መጣ። ዝናብ መጣ ማለት የጨዉ አፈር ታጠበ፣ የሚቀቀል የለም፣ እሳቱ ይጠፋል ማለት ነው። ሴቶቹ መጥበሻቸውን አጥበው አንጠልጥለው ወደ ካሳቫ እርሻቸው ሊሄዱ ነው። እንቁላሎቹ ደግሞ ገና አሥር፣ አሥራ ሁለት ቀን ይቀራቸዋል። በባትሪ አብርቼ አይቻቸዋለሁ፤ ሁለቱ ቢጫ ሆነው ሻግተዋል፣ አምስቱ ግን ውስጣቸው በቀይ ክር የተሞላ፣ አንዳንዴም የሚንቀሳቀስ ጥላ ያለበት።

አክስቴ ሴቶቹን ሰበሰበች። መናገር አትወድም፣ አጭር ነበር።

«እሳቱን ብቻዬን ሌትና ቀን መጠበቅ አልችልም። እርዱኝ።»

«ምን እየቀቀልን?» አለች ያቦ።

«ውኃ።»

«የዝናብ ውኃ? ጨው የሌለው? እትዬ ዶሲ፣ ሰው ሲያየን ምን ይለናል! ሰማይ ውኃ እየጣለ ሌላ ውኃ የሚቀቅሉ እብዶች!»

«ይበሉን።»

ያቦ እያጉረመረመች ወጣች፤ ማታ የመጀመሪያውን የኮኮናት ዝንጣፊ ሸክም ያመጣችው ግን እሷ ናት። ከዚያ ሌሎቹም ተራ ገቡ። እነዚያ አሥራ ሦስት ቀናት ዛሬም ሳስባቸው ያየኋቸው ይሁኑ ያለምኳቸው እርግጠኛ አይደለሁም። ዝናቡ ቅጠሉ ላይ ይወርዳል፣ ውጪው ሁሉ ነጭ ነው፣ ሐይቁና ሰማዩ የት እንደሚለያዩ አይታይም። ጎጆው ውስጥ ትንሽ ፍም፣ ትንሽ እንፋሎት። ተረኛዋ እሳቱን ታያለች፣ ሌላዋ ምዕራብ ግድግዳው ሥር ማሰሮውን ተደግፋ ትተኛለች፤ የተኛ ሰው ትንፋሽ እንኳ ይጠቅማል ብለው አምነው ነበር። አልከራከርኳቸውም። ሲነቁ ሕልማቸውን ያወራሉ። አንዷ ሐይቁ ተነሥቶ እንደ ሽርጥ ገመድ ላይ ተሰጥቶ አየሁ አለች። ያቦ የሞተች እናቷ መጥታ ጨው አነሰው ስትላት አየች፣ ነቅታም «በሞትም አልተወችኝ!» ብላ ሳቀች፣ ከዚያ አለቀሰች። እኔም አንድ ከሰዓት ተኛሁ። ነጭ ውስጥ ነበርኩ፣ ለስላሳ ነጭ፣ ዝናቡም ከሩቅ ክፍል እንደሚመጣ የሰው ወሬ ይሰማኝ ነበር። ማን እንደሚያወራ ባላውቅም ስለ እኔ ደግ ደጉን የሚያወሩ መሰለኝ። ከእንቅልፌ መንቃት አልፈለግሁም።

«አንቺስ ምን አየሽ?» አልኳት አክስቴን።

«እኔ እዚያ ስተኛ ይሞቀኛል፣ በቃ» አለች።

በሃምሳ ዘጠነኛው ቀን፣ ከሰዓት፣ ዝናቡ ባባራበት ሰዓት፣ አንዱ እንቁላል ላይ ቀጭን ስንጥቅ ታየ፣ በምላጭ የተነካ ይመስል። ብዙ ቆይቶ አፍንጫ ወጣ። ከዚያ ዓይን። ጭንቅላቱን ስንጥቁ ላይ አሳርፎ እንደዚያው ቀረ፣ እኛን እያየ፣ ልውጣ አልውጣ የሚል ይመስል። ቀኑን ሙሉ እንዲህ ይቆያሉ፤ ይህን አውቅ ነበር፣ ዘጠኝ ዓመት ሺህ ጊዜ አይቼዋለሁ። ግን በእርባታው ተንበርክኬ አላየሁትም። በጨው ቤቱ ሁላችንም ተንበርክከን ነበር።

አክስቴ ግንባሯን መሬት አስነካች። ሰባ ሊሞላት ሁለት ዓመት የቀራት ሴትዮ፣ አንድ ሰዓት ዕድሜ ላልሞላው «እንኳን ደህና መጡ አባቴ» አለች። ያቦ በክርኗ ነካችኝ፣ ልትስቅ ነበር፣ አልቻለችም። በማግሥቱ ማታ አምስቱም ወጥተው ነበር። አምስቱም እንደ ቀለበት ተጠቅልለው እርጥቡ ልጥ ላይ ተኝተዋል፣ ጥቁርና ወርቃማ፣ አዲስ።

ሳግቦ መጥተው አዩ፤ ደስ ብሏቸው የዘንባባ አረቄ መሬት ላይ አፈሰሱ።

«እጅሽ ንጹሕ ነው ዶሲ» አሉ። «ከነገ ጀምሮ ወደ ሥራሽ ትመለሻለሽ፤ የእኔ ወገብ አልቋል።»

«ገና ነኝ አባባ። አሥራ አንድ ቤት አለብኝ።»

ጫጩቶቹ የመጀመሪያ ቆዳቸውን እስኪጥሉ አሥር ቀን ጠበቀቻቸው። ከዚያ አምስቱንም በጨርቅ ይዛ ወጣች፣ እኔም ተከተልኳት። ዓይኗን አልጨፈነችም። ከመጀመሪያው ቤት ደጃፍ ተንበርክካ እንዲህ አለች፦ «የዚያን ጊዜ ያገኛችሁት የአርጃኖ አልነበረም። እናታቸውን ከላያቸው ያነሣሁት እኔ ነኝ። ይኸው፣ አንድ መልሻለሁ።» ሰዎቹ ደነገጡ፣ ተያዩ፣ ከዚያ ያቺን የጣት ያህል ሽማግሌ ሲያዩ ፊታቸው በራ። ከቤታቸው ጀርባ ገለባው ውስጥ ለቀቋት፣ አክስቴንም አቅፈው ሳሟት። ሁለተኛው ቤትም እንዲሁ። አምስተኛው ቤት ጭራሽ ከበሮ ወጣ። መንገድ ላይ ወሬው ቀድሞን ይሄዳል፤ ዶሲ ለየቤቱ ሽማግሌ እያደለች ነው ተባለ። እኔ በሆዴ አበቃ፣ ተረፈች አልኩ።

«እንመለስ?» አልኳት።

«ስድስት ይቀራል።»

«በእጅሽ ምን አለና?»

መንገዷን ቀጠለች። ስድስተኛው የእማማ ሁንዮ ቤት ነበር። ወሬው ደርሷት ኖሮ ደጃፏን ጠርጋ ትጠብቀናለች። ከቤቷ ጀርባ አዲስ የዘንባባ ገለባ ከምራለች፣ አጠገቡ ውኃ በጣባ አስቀምጣለች። ዓይኗ ስለደከመ ፊቷን ወደ ኮቴያችን አዞረች፣ ሁለት እጇን ገጥማ ወደፊት ዘረጋች፣ ትቀበል ዘንድ።

«ዶሲ ነሽ? ነይ፣ ነይ! አዘጋጅቼላቸዋለሁ። የእኔ የትኛው ነው?»

አክስቴ ከዚያ እጅ ሥር ተንበረከከች።

«ያንቺ የለም እማማ። አምስት ብቻ ነው የወጣው፣ አልደረሰሽም። ልነግርሽ ነው የመጣሁት።»

«ምኑን?»

«ያን ጊዜ ስምንት ነበሩ ያልሽኝ፣ የአርጃኖ አልነበሩም።»

የእማማ ሁንዮ እጅ እንደተዘረጋ ቀረ። ከንፈሯ ተንቀሳቀሰ፤ ስትቆጥር ነበር መሰለኝ።

«አርጃኖ ነው ብዬ እኮ...» አለች። «እኔ በእሳት... እኔ በገዛ እጄ...»

አክስቴ ዶሲ ተነሥታ ያንን ባዶ እጅ በሁለት እጇ ያዘችው፣ ጭምቅ አድርጋ፣ እንዳይወድቅ።

«አንቺ አይደለሽም» አለቻት። «እኔ ነኝ።»